የጀጎል ግንብ ያልከለከለው

ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ከአዳማ በሚነሳው የመኪና ሰልፍ ውስጥ ብዙዎቻችሁ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ስለታችሁን አድርሳችሁ መሪውን ወደ ቤት ከማዞራችሁ በፊት ትንሽ ቀጥሉና ሐረርን እዩ። በተለይ ልጆች ከያዛችሁ። የጀጎልን ግንብ ያየ ልጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን እንዳይገባ ነው?» ብሎ ነውና መልሱን ከወዲሁ ይዛችሁ ሂዱ።

መልሱ የሚጀምረው ከእኛው ደጃፍ ነው። በ1521 ዓ.ም. ኢማም አሕመድ ኢብራሂም አፄ ልብነ ድንግልን ያሸነፉበት ሽምብራ ኩሬ በሞጆ አቅጣጫ ነው። ኢማሙ በ1535 ዓ.ም. በጦርነት ከሞቱ በኋላ ሐረርን የመሩት የእህታቸው ልጅ አሚር ኑር ሙጃሂድ ናቸው። የኢማሙ ባለቤት ድል ወንበራ «የባሌን ደም ለመለሰልኝ አገባለሁ» ብለው ነበር ይባላል። እውነትም ኑር አገቧቸው፤ በ1551 ዓ.ም. ደግሞ ፈጠጋር ላይ አፄ ገላውዴዎስን ገጥመው ገደሉ።

ድል ነው? ለአንድ ሰሞን። ሁለቱም ወገን ለዓመታት ሲዋጋ ጉልበቱን ጨርሶ ነበር፤ በዚያው ዘመን ኦሮሞዎች በስፋት እየገፉ መጡ፤ የኑርም ጦር በእነርሱ ተሸነፈ። እንግዲህ አሚሩ ከተማይቱን በድንጋይና በጭቃ ያጠሯት በዚህ ጊዜ ነው። ዙሪያው 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ፣ አምስት በር ያለው። ዛሬ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር የምንላቸው ናቸው። (መኪና የሚያስገባው ስድስተኛው በር የቅርብ ጊዜ ነው፤ እሱን አትቁጠሩት።)

ግንቡ ጦር መለሰ እንበል። ማሽላውስ? ማሽላው የሚበቅለው ውጭ ነው። እርሻው ሲስተጓጎልና መንገዱ ሲዘጋ ረሃብ ገባ፤ በረሃቡ ላይ ወረርሽኝ ተጨመረ። አሚር ኑር ራሳቸው በ1560 ዓ.ም. ግድም የሞቱት በጦር ሳይሆን በዚያ በሽታ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይሄ ክፍል ነው፤ ግንብ ያሠራ ሰው የገደለው በበር ገብቶ አይደለም።

ከተማይቱ ግን አልጠፋችም። ለምን ቢባል፣ በሮቹ ማታ ቢዘጉም ጠዋት ይከፈቱ ስለነበር ነው። ጊዜ ሲረጋ የውጭው ኦሮሞ ገበሬ እህልና ከብቱን ይዞ ገባ፤ የውስጡ ነጋዴ ጨርቅና ጨው አቀረበ። ከጊዜ በኋላም ዝምድናና ጋብቻ መጣ። ገበያው ዛሬም በበሮቹ አጠገብ ነው፤ ኦሮምኛና ሐረሪ እየተቀያየሩ ሲገዙና ሲሸጡ ትሰማላችሁ።

ልጆቹን ግን ከግንቡ ሥር ያሉትን ዝቅ ያሉ ቀዳዳዎች አሳዩአቸው። ጎርፍ ይወጣባቸዋል፤ ማታ ደግሞ ጅብ ይገባባቸዋል። ለሰው ጠላት የተሠራ ግንብ ለጅብ መግቢያ ትቶለታል ማለት ነው። ጅቡ የከተማውን ጥራጊ እየበላ ያጸዳል፤ ሐረሮችም በዚህ አይጣሉትም።

በእግር ዙሩት፤ ጫማችሁ ምቹ ይሁን፣ ውሃም ያዙ። ጅብ ሲበላ ማየት ከፈለጋችሁ ከመሸ በኋላ ከግንቡ ውጭ ነው፤ ትንሹን ልጅ ግን እቅፍ አድርጋችሁ ያዙት።