የአሰልጣኙ ስም
ሐዋሳ ፒያሳ ማኪያቶ ይዘው ስለ ኳስ የሚያወሩ ሰዎችን ስሰማ አንድ ነገር ደጋግሜ አስተውላለሁ። ግብ ያገባውን፣ ኳስ ያቀበለውን፣ የማሊያ ቁጥሩን ሳይቀር ያስታውሳሉ፤ የአሰልጣኙ ስም ግን የሚነሳው ሒሳብ ተከፍሎ ሊነሱ ሲሉ ነው። ይህ ያሳዝነኛል። ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ የወሰደው በከማል አህመድ አሰልጣኝነት ነው፤ ከዚያ በፊት ከአዲስ አበባ ውጭ ይህን ያደረገ ክለብ አልነበረም። ጥር 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ በተመለሰችበት የአፍሪካ ዋንጫ፣ የወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ ላይ ግብ ያስቆጠረው አዳነ ግርማም የዚችው ከተማ ልጅ ነው። ግቡን ካሜራ ያየዋል፤ አሰልጣኝነት ግን ካሜራ የማያየው ሥራ ነው፦ ገና በማለዳ ሜዳ ላይ ኮን መደርደር፣ ጫማው ለተቀደደበት ልጅ ከጓደኛው ጫማ ተውሶ መስጠት፣ ከተቀያሪ ወንበር ያልተነሳውን ማጽናናት። እንደ ከማል እንዲህ ለኖረ ሰው ካባ አልብሶ ፎቶ ተነስቶ መሸኘት፣ በእኔ እምነት፣ አይበቃም። የከተማዋ ታዳጊዎች በየዓመቱ የሚወዳደሩበት ዋንጫ በስሙ ይጠራ፤ ዋንጫውንም እሱ ያሰለጠናቸው ተጫዋቾች ያስረክቡ።