ያለ ሽቦ የሚለካ መሣሪያና የተማሪ ዓይን

የሰው ልጅ እግዚአብሔር በሰጠው አእምሮ ፍጥረትን መመርመርና መለካት ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የአገራችንም ሊቃውንት የጥላን ርዝመት በእግር እየለኩ ሰዓቱን ያውቁ እንደ ነበረ በብራና መጻሕፍት ተጽፎ ይገኛል። በአሁኑ ዘመን ደግሞ ሴንሰር የሚባለው በመዳፍ የሚያዝ መሣሪያ ሙቀትን፤ የአየርን ግፊትና ብርሃንን በየቅጽበቱ እየለካ ያለ ሽቦ በብሉቱዝ ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ስልክ ይልካል፤ ቁጥሩም ወዲያው በመስመር ተሥሎ ለተማሪዎች ይታያል።

ጥቅሙን በአንድ ነገር እናስረዳ። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ተብሎ በመጽሐፍ ይነበባል። ይህ ቁጥር ግን የባሕር ጠረፍ እንጂ የአዲስ አበባ አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ ስላላት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህም ውሃው 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። በእንጦጦ ራስ ላይ ቢጣድ ከዚያም ባነሰ ሙቀት ይፈላል። በደጋ አገር ሽምብራና ባቄላ ቶሎ አልበስል እያለ ማገዶ የሚያስፈጀው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1648 ዓመት የፈረንሳዩ ሊቅ ፓስካል ባዜቃ የተሞላ የመስተዋት ቧንቧ አስይዞ የእኅቱን ባል ፑይ ደ ዶም ወደሚባል ተራራ ላከው፤ ወደ ላይ በወጡ መጠን ባዜቃው ዝቅ ብሎ ተገኘ። ዛሬ የአዲስ አበባ ተማሪ ሴንሰሩን በኪሱ ይዞ ያንኑ ምርመራ ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ራሱ በግማሽ ቀን ሊፈጽመው ይችላል።

ነገር ግን ተማሪው ቴርሞሜትርን በገዛ ዓይኑ ማንበብ ሳይለምድ በመስመር የተሣለውን ብቻ ቢያይ፤ ቀድሞ መጽሐፉን እንዳመነ ዛሬ ደግሞ መሣሪያውን ያምናል እንጂ መርማሪ አይሆንም። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ 92 በታየ ጊዜ «መሣሪያው ተበላሽቷል» ብሎ 100 የሚያስጽፍ መምህር ያጋጠመ እንደ ሆነ ነው። እውነቱን ያየው ልጅ ተሳሳትህ ተብሎ ማርክ ይቀነስበታል፤ በውጭ ምንዛሪ የተገዛውም ዕቃ ከሣጥኑ አይወጣም።

ስለዚህ የግዢውን ደብዳቤ የሚፈርሙ ሹማምንት፤ መሣሪያው ያለ ኢንተርኔት መሥራቱን፤ በትምህርት ቤቱ ባለው ስልክ መነበቡን፤ መብራት በጠፋ ቀንም ባትሪው ለአንድ ክፍለ ጊዜ መብቃቱን አስቀድመው ያረጋግጡ። ከመፈረማቸውም በፊት አንዱን የፊዚክስ መምህር ጠርተው በፊታቸው ውሃ አስጥደው ይፈትኑት።