ፊልሙ መቼ ይወጣል?

ባለፈው ኅዳር አንድ ማታ ወሰን ላይ መብራት ጠፋ። የመብራት መጥፋት እንኳ ወሬ አይሆንም፤ ወሬው ወዲህ ነው። በተከራየሁበት ግቢ ያሉት ልጆች የወላጆቻቸውን ስልክ ባትሪ ተራ በተራ ጨርሰው፣ ጨለማው ቢከብዳቸው ጊዜ ደጃፌ ላይ መጥተው ተኮለኮሉ። «ጋሼ፣ ተረት ንገረን» አሉኝ። ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁና «ተረት ተረት» ብዬ «የላም በረት» የሚለውን መልስ ጠበቅሁ። ዝም! ከአምስቱ ልጆች አንዷ ብቻ፣ አያቷ ከገጠር መጥተው የከረሙላት ልጅ፣ አፈር እያለች መለሰችልኝ። የቀሩት እኔ እስክቀጥል ነበር የሚጠብቁት። ስልክ መልስ ጠይቋቸው አያውቅማ!

ያወራሁላቸው የአርሃን ተረት ነው። ሲያልቅ የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ጉንጩን በመዳፉ እንደ ደገፈ «ጋሼ፣ ፊልሙ መቼ ነው የሚወጣው?» ሲል ጠየቀኝ። ሳቅሁ። ኋላ ግን ጋደም ብዬ ሳስበው ሳቁ ቀረና ንዴት መጣ። የተናደድሁት በልጁ አይደለም።

ተረቱን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ እነሆ ባጭሩ። አርሃ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር አዲስ አበባ መጥቶ የአንድ ሀብታም ነጋዴ አሽከር የሆነ ወጣት ነው። ነጋዴው ጥጋብ አሰልችቶት አንድ የብርድ ማታ ከአሽከሩ ጋር ይወራረዳል። አርሃ ያለ ልብስና ያለ እሳት ሱሉልታ ተራራ ጫፍ ላይ ቆሞ ካነጋ መሬት፣ ቤትና ከብት ሊሰጠው፤ ካቃተው ግን ምንም ላያገኝ። አርሃ ከተወራረደ በኋላ ፍርሃት ያዘውና አንድ ብልህ ሽማግሌ ዘንድ ሄዶ አማከረ። ሽማግሌውም ከሸለቆው ማዶ ካለው ቋጥኝ ላይ ሌሊቱን ሙሉ እሳት ሊያነድለት፣ አርሃም ዓይኑን ከዚያ እሳት ሳይነቅል ሊያድር ተስማሙ። አርሃ አነጋ። ነጋዴው ግን «እሳት አይተሃልና ውሉ ፈርሷል» ብሎ ካደ፤ ዳኛውም ፈረደለት። ያን ጊዜ ድግስ ተደግሶ ነጋዴውም፣ ዳኛውም፣ የከተማው ሰው ሁሉ ተጠራ። ከጓዳ የወጥ ሽታ ይመጣል፤ ገበታ ግን አይቀርብም። እንግዶቹ ተራቡ፣ ተቆጡ። እሳት በሩቁ አይቶ መሞቅ ከተቻለ ወጥ በሩቁ አሽትቶ መጥገብ ለምን ያቅታል? ነጋዴው አፍሮ መሬቱን ሰጠ።

ይህን ተረት ሃሮልድ ኩርላንደርና የሴም ቋንቋዎች ሊቁ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 አሜሪካ ውስጥ ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መጽሐፍ ውስጥ አስገብተው ለመጽሐፉም ርእስ አድርገውታል። ልጅነቷን እዚህ ያሳለፈችው ጄን ኩርትዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 ባለ ሥዕል የልጆች መጽሐፍ አደረገችው። የባሕር ማዶ ሕፃን ስለዚህ ብርድ ሲያነብ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኔ ከምኖርበት ግቢ ቀና ብል የእንጦጦ ሰንሰለት የየካን ጫፍ ይዞ ይታየኛል፤ ሱሉልታ ከእርሱ ጀርባ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው ተረትና ምሳሌ እዚህ ሰፈር ማስረጃ አያሻውም። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ራቁት ማደር ምን ማለት እንደሆነ ጎሕ ሳይቀድ እንጨት ሊለቅሙ ወደ እንጦጦ የሚወጡትን እናቶች መጠየቅ ይበቃል። ብርዱ የኛ፣ ተራራው የኛ፣ ተረቱ የኛ። ፊልሙስ?

ልጁ እንዲያ ብሎ በመጠየቁ አይፈረድበትም። እርሱ በሚያውቀው ዓለም ተረት ማለት ወይ የወጣ ወይ ሊወጣ ያለ ፊልም ነው። ዋልት ዲዝኒ የግሪም ወንድማማቾችን ስኖው ዋይት እ.ኤ.አ. በ1937 በሙሉ ርዝመት ካርቱን ካወጣ ወዲህ ሰልፉ አልተቋረጠም። ድሪምወርክስ በአሮጌ ተረቶች የሚያፌዘውን ሽሬክን ለአምስተኛ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2027 አወጣለሁ ብሏል፤ ያንን በጉጉት የሚጠብቁ ልጆች እዚሁ ወሰን ግሮሰሪ አካባቢ አሉ። ቻይናዎች ከአራት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የአማልክት ታሪካቸውን ይዘው እ.ኤ.አ. በ2025 ሁለተኛውን ነጃ ሲያወጡ ፊልሙ ከሁለት ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። አብዛኛውን ትኬት የቆረጠው የገዛ አገራቸው ሰው ነው። ሰው የራሱን ተረት አይቶ ይሰለቻል የሚሉን ነጋዴዎች ይህን ቢያስቡበት።

የኛን ወገን ስናይ የምናገኘው የዚያን ድግስ ነው። ሽታው ይመጣል፤ ገበታው የለም። «በቅርብ ቀን» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት የሠላሳ ሴኮንድ ቅንጫቢ በየፌስቡኩ ስንት ጊዜ አየን? ምርቃት አለ፣ ጋዜጣዊ መግለጫ አለ፣ ኬክ ይቆረሳል። እኔ ራሴ በነጻ ጸሐፊነቴ ከእንዲህ ያሉ ምርቃቶች ሁለቱን ዘግቤያለሁ፤ ኬኩንም በልቻለሁ። ከሁለቱም ፊልም አልወጣም። ስለዚህ እኔም ከእንግዶቹ አንዱ ነኝና የምናገረው ከውጭ ቆሜ አይደለም።

የሠሩትን መካድ ግን ነውር ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2005 «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ጀምረው ቀጭኔዋን ፀሐይን የስንቱ ቤት ልጅ አደረጓት። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትን አግኝቷል። ከዚያም ሦስት ጀግና ልጃገረዶች ያሉበትን «ጥበብ ገርልስ» የተባለ ካርቱን አመጡልን። እነዚህ ሥራዎች ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ የምንነቅፈው ነገር እንኳ አይኖረንም ነበር። ነቀፌታዬ የሚያርፈው ገንዘቡ በሚመጣበት መንገድ ላይ ነው። እጅ ስለ መታጠብ፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻን ስለ መቃወም ለሚያስተምር ካርቱን የሚረዳ ድርጅት ይገኛል፤ መልካም ነው። አያ ጅቦን ሞኝ ስላደረገች ጦጣ ለመሥራት ግን ማን ይረዳል? ለእርሷ «የሚያስተላልፈው መልእክት ምንድን ነው?» የሚል ቅጽ ይሰጣችኋል። ተረት ደግሞ ምክሩን በኪሱ ይዞ ይሄዳል እንጂ በደረቱ ለጥፎ አይዞርም።

«የውጭዎቹ አንድ ቀን መጥተው ይሠሩልናል» የሚሉ አሉ። ይህ ነው እኔን ይበልጥ የሚያቃጥለኝ። ፈረንሳዊው ሚሼል ኦስሎ እ.ኤ.አ. በ1998 ከምዕራብ አፍሪካ ተረት ተነሥቶ ኪሪኩን ሠራ፤ ድንቅ ፊልም ነው፤ ድምፁንም በሴኔጋል ልጆች አስቀዳ። ግን ያንን እሳት ማን አነደደው ብትሉ ልጅነቱን ጊኒ ያሳለፈ፣ ከአገሩ ሰው ጋር ያደገ ሰው ነው። ለኛ እንዲያ ያለ ሰው እስኪወለድ እንጠብቅ? ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ2023 «ኪዛዚ ሞቶ» በሚል ርእስ አሥር የአፍሪካ አጫጭር ካርቱኖችን ሲያወጣ ሠሪዎቹ ከስድስት አገሮች ተውጣጥተው ነበር፦ ከዚምባብዌ፣ ከኡጋንዳ፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከናይጄሪያ፣ ከኬንያና ከግብፅ። እኛ የለንበትም። ያልተጠራነው ስለ ተጠላን አይመስለኝም፤ በራችን ላይ ጭስ ስለማይታይ ነው።

ዩቲዩብ ላይ «የአማርኛ ተረት» ብላችሁ ፈልጉ። ራፑንዜል ጥርት ባለ አማርኛ ፀጉሯን ከግንቡ ትለቅላችኋለች። ትርጉሙን የሚሠሩትን አልወቅስም፤ ልጅ አማርኛ ይሰማበታል። ግን «የአማርኛ ተረት» የሚለው ስም ባለቤቱ ሳይሞት ሲወረስ ዝም ብሎ ማየት ይከብዳል። በቅርቡ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት መጣና አንድ «የጥንት የአበሻ ተረት» የሚል ቪዲዮ አየሁ፤ ባላገሩ የጋና ጨርቅ አጣፍቷል፣ ጅቡ የነጭ ውሻ ይመስላል፣ እናቲቱም ምጣዱን ድስት ላይ ጥዳዋለች። የዓለሙን ሥዕል ሁሉ የዋጠው መሣሪያ እኛን ሳያገኝ ቀርቶ ይሆናል። የማን ጥፋት ነው?

ቋንቋውም ጉዳይ ነው። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ኤልዛቤት ሌርድ በብሪቲሽ ካውንስል እርዳታ የኢትዮጵያን ክልሎች ዞራ ሦስት መቶ ያህል ተረቶች አሰባስባለች፤ ባለውለታችን ናት። ነገር ግን ያንን ስብስብ በእንግሊዝኛ አንብቦ ፊልም ሊሠራ የሚነሣ ያዲስ አበባ ልጅ ወደ አማርኛ መመለስ አለበት። እዚያ ላይ «ጅብ» ያገኛል፤ «አያ ጅቦ»ን አያገኝም። ጅቡ «አያ» የተባለው ስለሚፈራ ነው፤ ጦጣም «እመት ጦጢት» የተባለችው ብልጠቷን ስለምናከብር። ከነዚህ ሁለት ቃላት ውስጥ የሁለቱ ጠባይ፣ አነጋገር፣ አካሄድ ሁሉ ይወጣል። ይህን የሚያውቅ ሠዓሊ ጅቡን እንደ ባላባት ጎርደድ ያደርገዋል።

አባባ ተስፋዬ ይህን ያውቁ ነበር። ቴሌቪዥን አገራችን ከገባበት ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ ለአርባ ዓመታት ያህል ከልጆች ፊት ተቀምጠው ተረት አወሩ፤ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. አረፉ። መሣሪያቸው ድምፃቸውና ፊታቸው ነበር። ልጆቹን ያናግሯቸዋል፣ ልጆቹም ይመልሱላቸዋል። ደጃፌ ላይ ዝም ያሉኝ ልጆች ያጡት ይህንን ነው፤ የሚመጣውም ካርቱን ልጁ የሚመልስበትን ትንፋሽ ታህል ፋታ ካልተወለት ሥዕሉ ቢያምር ዋጋ የለውም።

«ገንዘብ የለም» ይሉኛል። ሁለት ሚሊዮን ሕዝብ የማይሞላት ላትቪያ «ፍሎው» የተባለውን ካርቱን ብሌንደር በሚባል በነጻ በሚገኝ ፕሮግራም፣ በሦስት ሚሊዮን ተኩል ዩሮ ግድም ሠርታ እ.ኤ.አ. በ2025 ኦስካር ወሰደች። ሦስት ሚሊዮን ተኩል ዩሮ ለኛ ብዙ ነው፤ አልክድም። ስለዚህ የምጠይቀው ሰማንያ ደቂቃ አይደለም፤ አሥር ደቂቃ ነው። ለአንድ ሴኮንድ 12 ሥዕል ብናስብ አሥር ደቂቃ 7,200 ሥዕል ይሆናል። አምስት ሰው በቀን ሃያ ሃያ ቢሥል በ72 ቀን ያልቃል። በዚያ ላይ አርሃ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ነው የሚያድረው፤ እንዲህ ለሠዓሊ የሚያዝን ባለ ታሪክ የት ይገኛል? ጨለማ፣ አንድ ተራራ፣ ማዶ ላይ አንዲት የእሳት ነጥብ። ድምፅ ሰጪ አጣን እንዳይባል በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቃና የቱርኩን ሁሉ አማርኛ ሲያስወራ የሠለጠኑ ድምፆች እንዳሉን አይተናል። የጎደለው ይህን አሥር ደቂቃ አዝዞ የሚከፍል አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። ለዘፈን ክሊፕና ለበዓል ዝግጅት ከሚወጣው ላይ ቆንጥሮ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ብቀር ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። ተረት ሁሉ እንደ አርሃ ንጹሕ አይደለም። አየርላንዳውያን ኪልኬኒ ከተማ ተቀምጠው፣ የዚያችኑ ከተማ ጫካ ወስደው እ.ኤ.አ. በ2020 «ዎልፍዎከርስ»ን ሠሩ፤ ሲተኙ ተኩላ የሚሆኑ ሰዎች ታሪክ ነው። ፊልሙን ሳይ ወዲያው ያሰብሁት የኛን ጅብ ነው። ማታ ማታ ከየካ ተራራ ሲጮህ እየሰማን ያደግነውን ጅብ። ሆኖም የኛ ተረት «ሌሊት ጅብ የሚሆነው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የሰጠው መልስ አስከፊ ነው፦ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቡዳ። ከዚሁ ከእንጦጦ ሥር፣ ቀጨኔ፣ ጀበናችንንና ምጣዳችንን የሚሠሩልን ሰዎች በዚህ ስም ስንት ዘመን ተገለሉ? ያለ ልቡና የተሠራ አንድ ማራኪ ካርቱን የአንዲት ሸክላ ሠሪ ልጅ ክፍል ውስጥ ቢታይ በማግሥቱ ምን ተብላ እንደምትጠራ መገመት አያቅትም። አየርላንዳውያኑ ተኩላዎቹን የታሪኩ ጀግኖች፣ አዳኞቹን ጥፋተኞች አደረጓቸው። እኛም የሸክላ ሠሪዋን ልጅ ከነጅቧ የፊልሙ ዓይን ማድረግ እንችላለን። ይህን የሚያደርገው ግን ስድቡን ሰምቶ ያደገ፣ የትኛው ቃል የት ላይ እንደሚያቆስል የሚያውቅ ሰው ነው። የሆሊዉድ ሰው «ጅብ የሚሆን ሰው! እንዴት ደስ ይላል!» ብሎ ይወስደዋል።

ያን ማታ ወደ ሦስት ሰዓት ግድም መብራት መጣ። ልጆቹ እልል ብለው ተነሥተው በየቤታቸው ሮጡ፤ ቻርጀር ፍለጋ። ያቺ «የላም በረት» ያለችኝ ልጅ ብቻ ቀርታ በሬ ላይ ቆማለች።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «ሽማግሌው ብቻውን እሳት ሲያነድ ጅብ አልመጣበትም?»

ተረቱ ውስጥ ይህ የለም። ቁጭ በይ አልኳት፣ ተቀመጠች፤ እኔም ጋቢዬን አስተካክዬ ጅቡን ከየካ በኩል አመጣሁት።