ከኋላዬ ዝም ሲል

ብርድ ሲባል ብዙ ሰው ክረምትን ያስባል። እኛ ደብረ ብርሃኖች ግን ክረምቱን በጃንጥላም ቢሆን እናልፈዋለን። የምንፈራው ሰማዩ ጥርት ብሎ የሚያድርበትን የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ነው። ጠዋት በር ሲከፍቱ ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ይጠብቅዎታል።

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ማለዳ የስምንት ዓመት ልጄን ከኋላዬ አፈናጥጬ በሞተር ሳይክል ወደ ጣርማበር አቅጣጫ ወጣሁ። እናቴ ዘንድ ነበር የምንሄደው። ልጁ ሲበዛ ወሬኛ ነው። «አባ፣ በጎች አይበርዳቸውም? አባ፣ ጭጋግ ይጨበጣል?» ሲለኝ ቆይቶ ድንገት ዝም አለ። እውነቱን ልናገር፣ ተመስገን አልኩ!

ትንሽ እንደሄድን ወገቤን የያዙት እጆቹ ላላ ሲሉ ተሰማኝ። ፍሬን ልይዝ ብል የገዛ ጣቶቼም አልታዘዝ አሉኝ። እንደምንም ዳር ይዤ ቆምኩ። ከንፈሩ ጠቁሯል። «በረደህ?» ስለው ምላሱ ተሳሰረ።

መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት ይዤው ገባሁ። ባለቤቷ እናት ከእጄ ነጠቁኝ። በአመዳዩ ላይ ሲሮጥ የረጠበ ካልሲውን አውልቀው በጋቢ ጠቀለሉት። እኔ እጆቹን ወደ ምድጃው ሳስጠጋ ጮኹብኝ፦ «ተው! የደነዘዘ እጅ ሲቃጠል አያውቅም!» ከዚያ እጆቹን በራሱ ብብት ሥር ከተው ስኳር የበዛበት ሻይ በትንሽ በትንሹ አጠጡት። ለእኔ አንድ ሰው አረቄ ሊጋብዘኝ ነበር። አረቄ ደሙን ወደ ቆዳ አውጥቶ የሞቅን ያስመስለናል እንጂ የውስጡን ሙቀት ነው የሚያስወጣው፤ ደግሞስ አሽከርካሪ ነኝ።

ባለቤቴ ስትሰማ አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ማታ የአያቷን አሮጌ የመንዝ ባና አውጥታ በመቀስ ስትቆርጥ አየኋት። ለመሪው ግራና ቀኝ የእጅ መሸፈኛ ሰፋችልን። ሰፋ ብሎ መሰፋት አለበት፤ እጅ ቶሎ ገብቶ ቶሎ ካልወጣ፣ ወይም ጨርቁ የፍሬኑን እጀታ ከነካ አደጋ ነው።

ጥፋቴ ብርዱን ቆሜ መለካቴ ነበር። ቆመው 5 ዲግሪ የሆነ አየር፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ቆዳ ላይ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ያህል ሆኖ ይሰማል። በዚያ ፍጥነት አንድ ሰከንድ ዘግይተው ፍሬን ቢይዙ ከ16 ሜትር በላይ ሄደዋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ነፋሱን መከልከል ነው። ሦስት ሹራብ ደርቤ ከምሄድ፣ አንድ የሱፍ ሹራብ ለብሼ ከላይ የዝናብ ልብስ ብደርብ ይሻለኛል። ካልሲም ሁለት ተደርቦ ጫማውን ካጠበበው ደም አያዘዋውርም፤ እግር ይብስበታል። ደረት ላይ፣ ከጃኬቱ ሥር፣ ጋዜጣ አጣጥፎ ማድረግ የድሮ ብስክሌተኞች ዘዴ ነው፤ በደንብ ይሠራል። (ይህን ገጽ አንብበው ከጨረሱ በኋላ ማለቴ ነው።)

አሁን ልጁን ይዤ የምወጣው ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ ነው፤ በልኩ የተገዛ ሄልሜትና ጓንትም አለው። ሥራም ሰጥቼዋለሁ፦ የመብራት ምሰሶዎችን ጮክ ብሎ ይቆጥራል። ቁጥሩ ከተቋረጠ እቆማለሁ። ባለፈው እሑድ 87 ላይ ዝም ሲልብኝ ደንግጬ ቆምኩ። ለካ አፉ ውስጥ ቆሎ ነበር።