ስለ ማድያትና ስለ ማንጫ ቅባት

አንዲት ጎረቤታችን ከወለደች ወዲህ በጉንጯ ላይ የወጣው ማድያት አልለቅ ቢላት፥ ከገበያ የገዛችውን ቅባት ይዛ መጥታ «ይህን ብቀባ ይጐዳኝ ይሆን?» ስትል ጠየቀችን። ሕፃኗ ገና ጡት አልጣለም። ቅባቱ ሃይድሮኪኖን እንዳለበት በማሸጊያው ላይ ተጽፏል፤ መጠኑ ግን አልተገለጸም። ጥያቄው የብዙ ቤተ ሰብ ጥያቄ ስለ ሆነ መልሱን በዚህ ዓምድ ልንጽፈው ወደድን።

ቆዳችንን የሚያጠቍረው ሜላኒን የሚባል ቀለም ነው። ሃይድሮኪኖን ይህን ቀለም የሚያስገኘውን ኤንዛይም ስለሚያግድ ጥቍረቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ጥቅም የለውም ማለት እውነትን መካድ ነው። ሐኪሞችም 4 በመቶ ያህል ያለበትን ቅባት ለማድያት ያዝዛሉ፤ የሚያዝዙት ግን ማድያቱ ባለበት ስፍራ ብቻ፥ ለጥቂት ወራት፥ ከፀሐይ መከላከያ ጋራ ነው። ከፀሐይ የማይጠነቀቅ ሰው ማድያቱ ይመለስበታል።

ጉዳቱ የሚበረታው መድኃኒቱ እንደ ውበት ዕቃ ተቈጥሮ ፊት ሁሉ እንዲነጣ ለዓመታት ሲቀባ ነው። ይህን ደቡብ አፍሪቃ በብርቱ ዋጋ ተምራዋለች። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1975 ሐኪሞች ይህን ቅባት ሲቀቡ በኖሩ ጥቍር ሴቶች ፊት ላይ ኦክሮኖሲስ የተባለውን ጉዳት አይተው ጻፉ። ቆዳው ወደ ሰማያዊ ያደላ ጥቍረት ይይዛል፥ ይሻክራልም፤ ለማዳንም እጅግ ያስቸግራል። ንጣት የፈለገችው ሴት የባሰ ጥቍረት አገኘች ማለት ነው። አገሪቱም እ.ኤ.አ. በ1990 ሃይድሮኪኖን በውበት ቅባት ውስጥ እንዳይገባ ከለከለች። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2020 ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥበትን መንገድ ዘጋች።

ከዚህም የሚከፋ አለ። በአንዳንድ ማንጫ ቅባት ውስጥ ባዜቃ፥ ማለት ሜርኩሪ፥ ይገኛል፤ በማሸጊያው ላይ ሳይጻፍ የሚቀርበትም ጊዜ ብዙ ነው። ባዜቃ ኵላሊትንና ነርቭን ይጐዳል፤ በእጅና በፎጣም ለልጆች ይተላለፋል።

ስለዚህ ለጎረቤታችን የመለስንላት ይህ ነው፦ መጠኑ ያልታወቀውን ቅባት ተዪው። ሃይድሮኪኖን በቆዳ አልፎ ወደ ደም ይገባልና ጡት የምታጠባ እናት ያለ ሐኪም ምክር ልትቀባው አይገባም። ከወሊድ ጋራ የመጣ ማድያት በጥቂት ወራት ውስጥ በራሱ የሚደበዝዝበት ጊዜ ብዙ ነውና እስከዚያው በጥላና በባርኔጣ ከፀሐይ ተጠበቂ። ካልለቀቀሽ ለቆዳ ሐኪም አሳዪው። ሕፃንሽ ጉንጩን በጉንጭሽ ላይ የሚያሳርፍ ነውና፥ በፊትሽ ላይ የምትቀቢው ለእርሱም ጭምር መሆኑን አትርሺ።