ቢራው ንግድ፣ እንጀራው ፖለቲካ!

ስለ እንግሊዛዊው አጥቂ ስለ ሮቢ ፋውለር ሲወራ ሁልጊዜ የሚቆጠረው ጎል ነው። ለሊቨርፑል 183 ጎል፣ በፕሪምየር ሊግ በጠቅላላው 163 ጎል፣ ሦስት የውድድር ዘመን በተከታታይ በየዓመቱ ከ30 በላይ ጎል... የኛም ኳስ ወዳጆች በቃላቸው ይወጡታል። ይሁን፣ አጥቂ በጎሉ ይቆጠራል። እኔ ግን ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ጎሉን ሳይሆን ካናቴራውን ነው። አዎ፣ ካናቴራውን! ያቺ ካናቴራ የኳስ ጌቶች ማንን እንደሚፈሩና ለማን እንደሚያጎበድዱ ያጋለጠች ናት ብዬ አምናለሁ። (ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይያዝልኝ።)

ለመሆኑ ሰውዬው ማነው? ፋውለር በ1975 ሊቨርፑል ውስጥ ቶክስቴት በሚባለው የድሆች ሰፈር ተወለደ። ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1981፣ ያ ሰፈር ሥራ አጥነትና የፖሊስ በደል በቀሰቀሱት ሁከት ጋይቷል። በልጅነቱ የሚደግፈው ኤቨርተንን ነበር፤ እንጀራው የወጣው ግን ከሊቨርፑል ሆነ። በሴፕቴምበር 1993 ፉልሃም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈና አገባ። በመልሱ ጨዋታ ሊቨርፑል 5 ለ 0 ሲያሸንፍ አምስቱንም ያገባው እሱ ነው። ያውም በ18 ዓመቱ! በኦገስት 1994 አርሰናል ላይ በ4 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ ውስጥ ሦስት ጎል ቆጠረ፤ ይህንን የፕሪምየር ሊግ ክብረ ወሰን የሰበረው በ2015 ሳዲዮ ማኔ ነው። በ1995 እና በ1996 የእንግሊዝ ተጫዋቾች ማኅበር የዓመቱ ምርጥ ወጣት ተጫዋች አድርጎ መረጠው። የአንፊልድ ደጋፊ ደግሞ “አምላክ” የሚል ቅጽል ስም አወጣለት። (ፈረንጅ ሲወድ ድፍረቱ!)

አሁን ወደ ወደቡ እንሂድ። በሴፕቴምበር 1995 ቶርሳይድ በተባለ አነስተኛ የሊቨርፑል ወደብ ኩባንያ ውስጥ በትርፍ ሰዓት ክፍያ ሰበብ ክርክር ተነሣና ሠራተኞቹ ተባረሩ። እነሱም በሩ ላይ የአድማ ሰልፍ አቆሙ። የዋናው የወደብ ኩባንያ ሠራተኞችም የወንድሞቻችንን ሰልፍ ጥሰን አንገባም በማለታቸው ተባረሩ። በድምሩ 500 ያህል ሰው! ሕጉም ከእነሱ ጋር አልነበረም። በማርጋሬት ታቸር ዘመን የወጡት ሕጎች የአንዱ ኩባንያ ሠራተኛ ለሌላው ሲል አድማ እንዳይመታ ከልክለዋል። ማኅበራቸውስ? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንዲሉ፣ ትልቁ የትራንስፖርት ሠራተኞች ማኅበር ፍርድ ቤት ንብረቴን ይወስድብኛል ብሎ ፈርቶ አድማውን በይፋ የኔ ነው ሳይል ቀረ። ሚስቶቻቸው ሳይቀሩ ተደራጅተው አደባባይ ወጡ። ትልልቆቹ ጋዜጦችና ቴሌቪዥኑ ግን ብዙም ጉዳዬ አላሉትም።

ማርች 20 ቀን 1997 ሊቨርፑል በአንፊልድ የኖርዌዩን ብራን በርገንን በዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ገጠመ። 3 ለ 0 አሸነፈ፤ ሁለቱን ያገባው ፋውለር ነው። ደስታውን ሲገልጽ ማሊያውን ወደ ላይ ሰብሰብ አደረገ። ከሥር የለበሳት ካናቴራ ላይ ለተባረሩት 500 የወደብ ሠራተኞች ድጋፍ የሚጠይቅ ጽሑፍ ነበር። የወደብ ሠራተኛ ማለት በእንግሊዝኛ “ዶከር” ነውና በቃሉ መሐል ያሉት “ሲ” እና “ኬ” የካልቪን ክላይንን የልብስ ምልክት እንዲመስሉ ጎላ ብለው ተጽፈዋል። የሰፈር ልጅ ቀልድ መሆኗ ነው! የሊቨርፑል ልጅ የሆነው ጓደኛው ስቲቭ ማክማናማንም ያንኑ ካናቴራ ከውስጥ ለብሶ ነበር።

በትልልቅ ጋዜጦች ቦታ ያጣ ጉዳይ በአንድ ሌሊት የዓለም ወሬ ሆነ። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር፣ ዩኤፋ፣ ምን አደረገ? ሜዳ ፖለቲካ የሚነገርበት ቦታ አይደለም ብሎ 2 ሺህ የስዊስ ፍራንክ ቀጣው። በእንግሊዝ ገንዘብ 900 ፓውንድ ገደማ ነው። ለፋውለር ይህ የሻይ መጠጫ ነው፤ የኔም ክርክር ስለ ገንዘቡ አይደለም። እስቲ የዚያን ቀኑን ማሊያ ፊት ለፊት እንመልከተው። ደረቱ ላይ ምን ተጽፏል? ካርልስበርግ! ቢራ! ሕፃናት ሳይቀሩ ለሚለብሱት ማሊያ ቢራ ሲታወጅበት ንግድ ነው፤ ይፈቀዳል። ከማሊያው ሥር የ500 አባወራ እንጀራ ሲነሣ ግን ፖለቲካ ነው፤ ያስቀጣል። ለአንዱ እናት፣ ለሌላው የእንጀራ እናት ማለት ይኼ አይደለም እንዴ?

አስቂኙ ነገር ገና ይመጣል። ከአራት ቀን በኋላ፣ ማርች 24፣ ሊቨርፑል ወደ አርሰናል ሜዳ ሄደ። ፋውለር በረኛውን ዴቪድ ሲማንን ሊያልፍ ሲል ወደቀ፤ ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጡ። ልጁ ተነሥቶ፣ አልነካኝም፣ ይቅር እያለ ዳኛውን ለመነ። ዳኛው እምቢ አሉ። ራሱ መታት፣ ሲማን መለሳት፣ ጄሰን ማካቲር ተከትሎ አገባት። ፋውለር ሆን ብዬ አልሳትኩም፣ ለማግባት ነው የመታሁት ብሏል። ይህም ሐቀኝነቱ ነው። የያኔው የፊፋ ዋና ጸሐፊ ሴፕ ብላተር የምስጋና ደብዳቤ ላከለት። እንግዲህ አስቡት፤ ስለ ሠራተኞቹ እውነት ሲናገር ቅጣት፣ ስለ ፍጹም ቅጣት ምት እውነት ሲናገር ሽልማት! እኒሁ ብላተር በ2015 በፊፋው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ከእግር ኳስ ታግደዋል (የስዊስ ፍርድ ቤት በኋላ ከወንጀል ክሱ ነጻ ቢላቸውም)።

“ዛሬ ለሠራተኛ ከተፈቀደ ነገ ዘረኛው የራሱን ካናቴራ ለብሶ ይመጣል” የሚሉኝ አሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ደንብ ያስፈልጋል። ነገር ግን ሰውን ለመስደብ በሚናገርና የተበደለን ለመርዳት በሚናገር መካከል ልዩነት የማያይ ደንብ ዕውር ነው። ልዩነቱን ደግሞ ፋውለር ራሱ አሳይቶናል። በ1999 የቼልሲውን ግሬም ሌ ሶን በጸያፍ ምልክት ሰደበው። በዚያው ዓመት ኤቨርተን ላይ አግብቶ በነጩ መስመር ላይ ተንበርክኮ ኮኬይን የሚስብ መሰለ። ለሁለቱ ጥፋት 6 ጨዋታ ታገደ፣ 32 ሺህ ፓውንድ ተቀጣ። ይበለው! እኔ ቅዱስ ላደርገው አልተነሣሁም። የ1999ኙ ቅጣት ተገቢ ነበር፣ የ1997ቱ ግን አልነበረም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲያ ሕይወቱ ወጣ ገባ ሆነ። በ1998 ጉልበቱ ተጎድቶ የዓለም ዋንጫ አመለጠው። በ2001 ሊቨርፑል ሦስት ዋንጫ ሲያነሣ በሁለቱ ፍጻሜዎች ላይ አገባ፤ በዚያው ዓመት ግን ለሊድስ ተሸጠ። ለእንግሊዝ 26 ጊዜ ተሰልፎ 7 ጎል ብቻ አለው። በ2006 ወደ ሊቨርፑል ሲመለስ ግን ሕዝቡ እንደ ልጁ ተቀበለው። ለምን ቢሉ፣ የኛ ነው ብሎ ስለሚያምን ነዋ!

ዘመንም ተለወጠ። በጁን 2020 የፕሪምየር ሊግ ተጫዋቾች በስማቸው ምትክ የጥቁሮች ሕይወት ዋጋ እንዳለው የሚናገር ጽሑፍ በጀርባቸው ለብሰው ሲጫወቱ ሊጉ ፈቅዷል። በዚያው ወር ሌላው አጥቂ ማርከስ ራሽፎርድ ለድሃ ተማሪዎች ምግብ ተሟግቶ መንግሥትን ውሳኔ አስቀየረ፤ ኋላም ኒሻን ተሸለመ። ዩኤፋም ራሱ በ2022 በዩክሬን ጦርነት የተነሣ የሩሲያን ክለቦች አግዷል። ልክ ነው አይደለም አልልም። ግን ሜዳ ፖለቲካ አያውቅም የሚለው ስብከት የት ገባ?

የወደብ ሠራተኞቹ አድማ በጃንዋሪ 1998፣ ከሁለት ዓመት ከአራት ወር በኋላ፣ በሽንፈት አበቃ። አብዛኞቹ የካሣ ገንዘብ ተቀብለው ወጡ እንጂ ወደ ሥራቸው አልተመለሱም። ካናቴራዋ ሥራቸውን አላስመለሰችም፤ በዚያች ምሽት ግን ብቻቸውን አልነበሩም።

ዩኤፋ የዛሬ ሚሊዮኖቹን ሲቆጥር ከመካከላቸው 2 ሺህ የስዊስ ፍራንክ የሱ እንዳልሆነች ያስታውስ። ለፋውለር ይመልስ አልልም፣ ሰውዬው አይቸገርም። ለእነዚያ ሠራተኞች ቤተሰቦች ይስጥልን!