የሊዝበን ሐውልትና የመርጡለ ማርያም ድንጋይ

ሊዝበንን በእግሩ ሊያይ የወጣ እንግዳ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ቴጁ ወንዝ ዳር ካለው ፕራሳ ዱ ኮሜርሲዮ ከተባለው ሰፊ አደባባይ ነው። ሦስቱ ጎኖች ባለ ቅስት ቢጫ ሕንጻዎች ናቸው፤ አራተኛው ወደ ውሃው ክፍት ነው። ደረጃው እየወረደ ወንዙ ውስጥ ይገባል፤ ውሃው ሲሞላ የታችኞቹ እርከኖች ይሰጥማሉ። በዚህ ቦታ ቀድሞ የፖርቱጋል ነገሥታት ቤተ መንግሥት ነበረ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 1 ቀን 1755 ጧት ምድር ተናወጠች፤ ማዕበልና እሳት ተከትሎ መጣ፤ ቤተ መንግሥቱም ከነመጻሕፍት ቤቱ ጠፋ። ዛሬ በመስመር ተቀይሰው የሚታዩት የመሃል ከተማ ጎዳናዎች ከዚያ ጥፋት በኋላ የተሠሩ ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ማንኛውም አስጎብኚ ይናገረዋል። ከግንደወይን፣ ከብቸና ወይም ከሞጣ የሄደ ሰው ግን እዚያ አደባባይ ላይ ሲቆም ሌላ ታሪክም ይዞ መቆም ይገባዋል። ምክንያቱም የዚህ ወደብ ታሪክ አንዱ ጫፍ ያለው በእሱ አገር በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም ነው።

የሐድያ ገራድ ልጅ የነበሩት ንግሥት እሌኒ፣ ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሳለ አገሩን ይዘው ያስተዳድሩ ነበር። በቀይ ባሕር በኩል የሚመጣው አደጋ አሳሰባቸውና ማቴዎስ የተባለ አርመናዊ መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ላኩ። ማቴዎስ በህንድ በኩል ዞረ፤ የፖርቱጋል መኮንኖች ሰላይ ነው እያሉ በመንገድ አንገላቱት። በ1514 ሊዝበን ሲደርስ ግን ንጉሥ ማኑኤል በክብር ተቀበሉት። የእሌኒን ደብዳቤና ከጌታ መስቀል የተቆረጠ ነው የተባለ ቁራጭ እንጨት አስረከበ። ከአገር ቤተ መንግሥት ሳይወጡ የዓለምን አሰላለፍ አይተው፣ ወዳጅ የሚገኝበትን አቅጣጫ ለይተው መልእክተኛ የሰደዱ ሴት ነበሩ። ይህ ትልቅ የአገር መሪ ሥራ ነው፤ በቂ ክብር አልተሰጠውም።

ከአደባባዩ ተነሥቶ ወንዙን በግራ ይዞ ወደ ምዕራብ 6 ኪሎ ሜትር ያህል የሄደ ሰው ቤሌም ይደርሳል። በትራም መሄድ ይቻላል፤ በእግር ግን ይሻላል። የእግረኛው መንገድ በነጭና በጥቁር ትናንሽ ድንጋዮች ሐረግ እየተሣለበት የተነጠፈ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታልና ጫማ መምረጥ ያስፈልጋል። በ1966 የተከፈተውን ቀይ የብረት ድልድይ በስሩ ካለፉ በኋላ የጉዞው ዋና ነገር ይመጣል።

እዚያ በ1960 የቆመ የመርከብ ቅርጽ ያለው የአሳሾች ሐውልት አለ። ከልዑል ሄንሪ ጀምሮ 33 ሰዎች በድንጋይ ተቀርጸው በሁለቱ ጎኖች ተሰልፈዋል። ከመካከላቸው ሁለቱ አጥንታቸው ኢትዮጵያ የቀረ ነው። አንዱ በ1487 ከፖርቱጋል ወጥቶ ኢትዮጵያ የደረሰው፣ እንዳይመለስም ተከልክሎ ርስት ተሰጥቶት የኖረው ፔሮ ዳ ኮቪልያ ነው። ሌላው በ1541 ከ400 ነፍጠኞች ጋር ምጽዋ የወረደው፣ በዓመቱም ከኢማም አሕመድ ጦር ጋር ሲዋጋ ተማርኮ የተገደለው ክርስቶፎር ዳ ጋማ ነው። ከ33ቱ ሴት አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም የልዑል ሄንሪ እናት ናት። እሌኒ የሉም። ማቴዎስ የለም። በ1527 ከኢትዮጵያ ከተመለሰው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጋር ሊዝበን የገባው፣ ከአሥር ዓመት በላይ በፖርቱጋል የቆየው፣ ሃይማኖቱ ተጠርጥሮ ቁርባን የተከለከለው፣ የቤተ ክርስቲያኑን እምነት ጽፎ በላቲን ቋንቋ ለአውሮፓ ያስነበበው ኢትዮጵያዊው መነኩሴ ጸጋ ዘአብም የለም። ሐውልቱ ወደ ኢትዮጵያ የመጡትን እንጂ ከኢትዮጵያ የሄዱትን አላሰበም።

ማሰብ የነበረበት ሌላም አለ። ማቴዎስ የክብር አቀባበል ባገኘባት በዚያችው ከተማ፣ በዚያው ዘመን፣ ከምዕራብ አፍሪካ የተጫኑ ሰዎች በባርነት ይራገፉና ይሸጡ ነበር። የሊዝበንን ውበት የሚያደንቅ አፍሪካዊ ይህንንም አብሮ ማየት አለበት።

ከሐውልቱ ማዶ ባለው የጄሮኒሞስ ገዳም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በመግቢያው አጠገብ የቫስኮ ዳ ጋማ መቃብር አለ፤ ሕዝቡ ፎቶ ለማንሣት የሚጋፋው እዚያ ነው። ኢትዮጵያዊ ግን ወደ ውስጥ፣ ወደ መቅደሱ በኩል ቢዘልቅ መልካም ነው። በእብነ በረድ ዝሆኖች ጀርባ ላይ ከተቀመጡት የነገሥታት መቃብሮች አንዱ ማቴዎስን የተቀበሉት የማኑኤል፣ ሌላው ጸጋ ዘአብ የተላከላቸው የልጃቸው የዮሐንስ ሦስተኛ ነው። በሁለቱ መካከል የቆመ ሰው ከኢትዮጵያ የተላኩትን መልእክተኞች ከተቀበሉ ነገሥታት ፊት ቆሟል።

አሁን ወደ አገር ቤት። ከደጀን በብቸናና በደብረ ወርቅ አልፎ ወደ ሞጣ የሚሄደው መንገድ ግንደወይን ላይ ወደ መርጡለ ማርያም ይገነጠላል። እዚያ ንግሥት እሌኒ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አለ። አልቫሬዝ እንደጻፈው የዚህን ቤተ ክርስቲያን መንበር አሠራር ያሳየው ራሱ ፔሮ ዳ ኮቪልያ ነበር፤ መንበሩም ከእንጨትና ከወርቅ የተሠራ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በኢማም አሕመድ ዘመን ተዘረፈ፤ በሱስንዮስ ጊዜ ኢየሱሳውያን እንደገና ገነቡት፤ ያም ፈረሰ። የቀሩት ግድግዳዎች ላይ አበባና ሐረግ በጥልቀት ተፈልፍሎ ይታያል። ሊዝበን ላይ በሐውልት የቆመው ሰው እጁ ያረፈበት ሥራ የነበረው እዚህ ነበር ማለት ነው።

ከሞጣ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ እግረኛ ደግሞ ሰባራ ድልድይን ያገኛል። በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ይህ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሠርት ዓመታት የጎጃምና የበጌምድር ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በሁለቱ ጫፎች በቆሙ ሰዎች እየተጎተተ ይሻገር ነበር። የዚህ አሻጋገር ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጥቶ ያየው አንድ አሜሪካዊ ነው ለድልድዩ ጥገና የተነሣው። ዓለም ያየው አንድ ሰው ፎቶ ስላነሣው ነው።

ሊዝበን የምታስተምረው ይህንኑ ነው። ከተማዋ ታሪኳን በየግድግዳው ጽፋ፣ መንገዷን ለእግረኛ አመቻችታ፣ ሰው በአንድ ቀን እየሄደ እንዲያነባት አድርጋለች። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቀው ቤተ መንግሥት መሥራት እንጂ ስምና ዓመት በድንጋይ ላይ ማስፈር አይደለም። በእርግጥ የአማራ ክልል ሰላም ካልተመለሰ ጎብኚ አይመጣም፤ ይህ የማይሸፈን እውነት ነው። ለልጆች ማስተማር፣ ቅርሱን መመዝገብና የድንጋዩን ቅርጽ ከዝናብ መከላከል ግን ጎብኚ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሥራ አይደለም።

ስለዚህ የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ የእናርጅ እናውጋ፣ የእነብሴ ሳር ምድርና የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳዎች፣ የመርጡለ ማርያም አገልጋዮችም አንድ ላይ ይቀመጡ። ከደብረ ወርቅ እስከ መርጡለ ማርያም የሚሄድ ሰው የእሌኒን፣ የማቴዎስንና የጸጋ ዘአብን ታሪክ በአማርኛ እያነበበ የሚያልፍበትን መንገድ ያብጁ። ሊዝበን የምትኖሩ ወይም ለጉብኝት የምትሄዱ የጎጃም ልጆች ደግሞ ከአሳሾቹ ሐውልት ፊት ስትቆሙ ለአስጎብኚያችሁ የእሌኒን ስም ንገሩት።